ያላደረስኩት አደራ

ተመሳሳይ ቃላትን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይሰለቻሉ። አልፈርድባቸውም። በሸዋ ሮቢት የግንቦት ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ፣ "ስሊም" ከ"ስኪኒ" በምን እንደሚለይ ማንም አይጨነቅም። እኔ ግን አልለቃቸውም። ሁለቱም ቀጭን ማለት ነው፤ ነገር ግን አንዲትን ሴት በፊተኛው ብትጠራት ፈገግ ትልልሃለች፣ በኋለኛው ብትጠራት ታኮርፍሃለች እላቸዋለሁ። "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ግን ሁለቱም ያው ቀጭን ናቸው" ይለኛል አንዱ ከኋላ። "ፈተናው ያልፋል፣ ኩርፊያው ግን ይቆያል" እለዋለሁ፤ ይስቃሉ፣ ትንሽም ይነቃሉ። ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ቃላት የሉም፣ ሁልጊዜ አንዱ ከሌላው ይሻላል፣ አስባችሁ ምረጡ እያልኩ ስንትና ስንት ክፍል አሳልፌያለሁ። በዚህ ነገር ኩራትም ነበረብኝ። ትክክለኛው ቃል ጠፍቶኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር። አልጠፋኝም። ምላሴ ላይ ነበር።

በእኛ ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን ማለት የሰፈሩ ሁሉ አንባቢ መሆን ማለት ነው። የመድኃኒት ወረቀት ይመጣልኛል። ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ መሳቢያ ሞተራቸው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስተው ያመጡልኛል። ከሞተር የማውቀው እንደሚጮህ ብቻ ነው፣ ቢሆንም አነብላቸዋለሁ። እና የእትዬ ልጅ ከባሕር ማዶ ስትገኝ፣ ማን ያስተርጉም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

እትዬ የቀወት ገበሬ ናቸው፤ መንደራቸው ከእናቴ መንደር ጋር በአንድ ወንዝ ይዋሰናል። ባላቸውን ወባ ቀጠፈባቸው፤ እሳቸውም እዚያው ላይ ታመው ተኙ። የመጨረሻዋ ልጃቸው ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በየመንደሩ እየዞረ ጥሩ ሰዎች አሉ፣ ያሳድጉላችኋል፣ ያስተምሩላችኋል፣ ከፍ ስትል በበዓል በበዓል እየመጣች ትጠይቃችኋለች ይል ነበር። እትዬ ሰጡ። ሰውየው ዳግመኛ በዚያ አገር አልታየም።

ይህን ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው ምን ዓይነት እናት ናት ይል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ልጅ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። እኔ ራሴ ተሰጥቻለሁ። መንደራችን ትምህርት ቤት ስላልነበረው እናቴ በአህያ ጭና አምጥታ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ቤት አስቀመጠችኝ። "አደራ" አለቻት አክስቴን፣ ውሃ ጠጣች፣ አህያዋን እየነዳች ተመለሰች። ለበዓል መንደር እሄዳለሁ፣ ስታመም እናቴ ትወርዳለች፣ ትምህርት ሲከፈት እመለሳለሁ። እናቴ ጣለችኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት እናት ነበረኝ፤ ሁለቱም በደንብ ይገርፉኝ ነበር። እትዬም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ውጭ አገር ለእሳቸው መንገዱ የረዘመ ሸዋ ሮቢት ነበር።

ልጅቷ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ እናቷን የሚፈልግላት ሰው ከአዲስ አበባ ላከች፤ ሰውየው መንደሩን ጠይቆ አገኘና ስልክ ተሰጣጠን። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እትዬ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ እየወረዱ እኔ ቤት ይመጡ ጀመር። ግቢዬ ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ወንበር አወጣለሁ፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፋለሁ፣ በቪዲዮ እንደዋወላለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የረባ ሥራ አልነበረኝም። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ለልቅሶ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ልጅቷ ግንባሯ የእትዬ ግንባር ነው። ስትስቅ ደግሞ እንደ እሳቸው አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ይህን ማን እንዳስተማራት እግዚአብሔር ይወቅ።

ከልጅቷ ጎን ሁልጊዜ ያሳደገቻት ሴት ትቀመጣለች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጭን፣ ፊቷ ላይ ጭንቀት የማይጠፋ ሴት ናት። አንድ እጇ ከልጅቷ ትከሻ አይነሳም። ስሟን ስጠራት በጣም ደስ ይላታል፤ በመጣች ቁጥርም እትዬን እጅ ነስታ ነው የምትቀመጠው። ወደድኳት። ጥፋቴም የጀመረው ከዚህ ይመስለኛል።

አንድ እሁድ ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠችና አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ስታስብበት እንደከረመች ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ለምን "ጊቭ አፕ" እንዳደረገችኝ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ አልተቀየምኩም፣ ግን በራሷ ቃል ልስማው አለች።

ይህ የፈረንጅ አባባል ሰው ሲያቅተው እጁን አንስቶ የሚተወው ነገር ሁሉ የሚነገርበት ነው፤ ሲጋራ ለማቆምም ይሆናል፣ ተስፋ ለመቁረጥም ይሆናል። ከዚህ የባሰም ነበረ፤ "ጊቭ አወይ" ማለት ትችል ነበር፣ ሰው አሮጌ ልብሱን የሚያደርገውን። ልጅቷ መርጣ የያዘችው የተሻለውን ነው። እኔም ለእትዬ "ለምን እንደሰጧት ከእርስዎ አፍ መስማት ትፈልጋለች" አልኳቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ እኔ አልዞሩም፣ ስልኩን እያዩ ነው የመለሱት።

"አልሰጠሁሽም የኔ ልጅ፤ አደራ ነው ያልኩት። በእመቤቴ ስም አደራ ብዬ ነው። አድገሽ፣ ተምረሽ እንድትመጪልኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "እንደነገርኩሽ አርገሽ ንገሪያት" አሉኝ።

እንግሊዝኛው ለዚህ ቃል አለው። "ኢንትራስት" ይባላል። እንደኛ አደራ በእመቤታችን ባይታሰርም ዋናውን ነገር ይዟል፤ የተሰጠው ነገር ባለቤት አለው፣ ተቀባዩ ጠባቂ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ይመለሳል። አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት የሴትየዋን እጅ አየሁት። ጣቶቿ የልጅቷን ትከሻ ጨምድደው ይዘው ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። ይህን ቃል ብናገር አንቺ ጠባቂ ነበርሽ እንጂ እናት አልነበርሽም ማለቴ ነው፣ የሰው አደራ ሳትመልሺ ቀርተሻል ማለቴ ነው ብዬ አሰብኩ። እንግዳ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ እንዴት እንዲህ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ።

እናም ሌላ ቃል መረጥኩ። "ሌት ጎ" አደረገችሽ፣ ስለምትወድሽ አልኳት። እጅን በቀስታ ከፍቶ መልቀቅ ማለት ነው። ቃሉ ያምራል፣ ዘፈን ውስጥም ይሰማል፤ ማንንም አይከስም፣ ከማንም ምንም አይጠይቅም። "ስለምትወድሽ" የሚለውን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ቅመም መሆኑ ነው። ሴትየዋ ትንፋሿ ተመለሰ፣ እንባዋን ጠረገች፣ ለእኔም ፈገግ አለችልኝ። ልጅቷ ቃሉን ለራሷ በለሆሳስ ደገመችውና አመሰገነች።

"ገባት?" አሉኝ እትዬ።

"ገብቷታል" አልኳቸው።

"አንደበትሽን ይባርከው።"

እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ሳላስቀይም፣ በሚያምር ቃል ተወጣሁት ብዬ ማታ ለባሌ አውርቼለታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ እየሳሳ ሄደ። ልጅቷ መጀመሪያ አንድ እሁድ ዘለለች፣ ከዚያ ሌላ። ስትደውልም ስለ አየሩ፣ ስለ ጤና ተጨዋውተን ቶሎ እናበቃለን። እትዬ ግን እሁድ ቀርተው አያውቁም። ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፤ አንድ ቀን ፓፓያ፣ አንድ ቀን ከአውድማ የተነሳ አዲስ ማሾ ይዘው ይመጣሉ። "ለአንደበትሽ" ይሉኛል። ማሾውን ቀቅዬ ስበላው እንኳ አይወርድልኝም ነበር።

ለልጅቷ ምነው ጠፋሽ ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ጨዋ ነበር፣ እንደ ልማዷ። ገብቶኛል፣ አልወቅሳትም አለች። ሰው አንድ ጊዜ እጁን ከፍቶ የለቀቀውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ ደጁ ላይ ማምጣት ጭካኔ ይመስለኛል፣ እንባዋ ከደረቀ በኋላ እንደገና ላስለቅሳት አልፈልግም፣ በሰላም ትኑር አለች። ያቺን የኔን ቆንጆ ቃል ወስዳ፣ አገላብጣ አስባባት፣ እንደ ጥሩ ተማሪ ትክክለኛውን ትርጉም አግኝታባታለች። የተለቀቀ ነገርን የሚጠብቀው የለም።

ያንን አንብቤ ምን አደረግሁ? ምንም። በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ሲመጡ "ፈተና ላይ ናት" አልኳቸው። በሚከተለውም ፈተና አልኩ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ፈተና እንደዚያ እንደማይረዝም አውቃለሁ። እሳቸው አያውቁም፤ "አይዞሽ በያት፣ አትጨናነቅ" ይሉኛል። ያፈርኩት ከውሸቱ ይበልጥ ውሸቱን ሲያምኑኝ ነው። ክፍል ገብቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ስጽፍ ጠመኔው ይከብደኝ ጀመር። አስባችሁ ምረጡ የምትለዋን ዐረፍተ ነገር መናገር አቆምኩ። ተማሪዎቹ ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

የፋሲካ ሰሞን ነው። እትዬ ማንጎው ስር ተቀምጠው ስልኩ እንዲጮህ እየጠበቁ ነው፤ እኔ ደግሞ እንደማይጮህ እያወቅሁ ሽንኩርት እልጣለሁ። ጸጥታው ሲበዛባቸው ማውራት ጀመሩ።

"ድሮ በፋሲካ ዋዜማ እዚህ አስፋልቱ ላይ እወርድ ነበር፣ ታውቂያለሽ?"

"ለገበያ?"

"ለምን ገበያ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ አያለሁ። ከውጭም የሚመጣ ሰው ያው በዚሁ አስፋልት አይደል የሚመጣው? በበዓል ትመጣለች ብሎኛላ። ትንሽ ልጅ የያዘ ሰው ሲወርድ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሌላ ይሆናል። መኪናው ጥሎ ይሄዳል ወደ ካራቆሬ፣ ወደ አጣዬ። እኔም ወደ ቤቴ።" ሳቅ አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው። "የልጅ ልብስ የማይሆናት ጊዜ እንደደረሰ እንኳ አላሰብኩትም፤ ለስንት ዓመት ትንሽ ልጅ ነበር የማየው። አሁንስ ተመስገን፣ ያንቺ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቃት።"

ቢላውን አስቀመጥኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ በሽንኩርቱ ማሳበብ እችል ነበር፣ ግን ማሳበብ ሰለቸኝ።

"እትዬ፣ ያሉኝን አላልኩላትም" አልኳቸው።

"የቱን?"

"አደራ ብዬ ነው ያሉትን። አልነገርኳትም።"

"ምን አልሻት ታዲያ?"

በአማርኛ ስመልሰው ቃሉ ውበቱን ሁሉ አራገፈ። "ለቀቀችሽ አልኳት።"

"ለቀቅኋት?" አሉ። "ከብት ናት እንዴ የምለቃት?"

"ሴትየዋ እዚያ ተቀምጣ ነበር። ደስ አይላትም ብዬ አፈርኩ። ፈተናም ላይ አይደለችም። የማትደውለው በኔ ምክንያት ነው።"

ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። አልተቆጡም። ነጠላቸውን አንስተው እንደገና አጣፉት። ከዚያ "ደውዪላት" አሉኝ።

መጀመሪያ መልእክት ጻፍኩላት። እናትሽ ያላለችውን ቃል ነው የነገርኩሽ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ስሚን አልኩ። ብዙ ሳትቆይ ደወለች። ሴትየዋ እንዳትኖር ስጸልይ ነበር፤ ነበረች። እዚያ ገና ጠዋት ስለነበር ኩባያ ይዛ ከጎኗ ቁጭ ብላለች፣ እጇም የልጅቷ ትከሻ ላይ ነው። ይሉኝታዬ እንደገና ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እናትሽ "ኢንትራስት" ነው ያለችው፣ በእኛ ቋንቋ አደራ ይባላል አልኳት። እኔ ራሴ እንዴት በአህያ መጥቼ አክስቴ ዘንድ እንደተቀመጥኩ፣ እናቴ ምን ብላ እንደተመለሰች፣ በበዓል እንዴት እንደምሄድ አንድ በአንድ ነገርኳት። እናትሽ እንዲህ ያለ ነገር ነው ያሰበችው፤ በየፋሲካው ዋዜማ እዚሁ አስፋልት ላይ ስትጠብቅሽ ነው የኖረችው አልኳት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቷ ደረቀ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ትክክል ነበር፣ ለዚህም ነው የከበደኝ። አደራ ከሆንኩ፣ ለምን ተመለሺ ብላ አልጠየቀችም? አድራሻችንን በአንድ በኩል ማግኘት አይቻልም ነበር ወይ? አንድ ቀን እንኳ ልጄን ያለ ሰው ለምን አልመጣም?

ለእትዬ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር አስተረጎምኩ።

"አደራ የሰጠ ሰው ይጠይቃል እንዴ?" አሉ እትዬ፣ ገርሟቸው። "ልጄን መልሱልኝ ብል አላመንኳችሁም ማለቴ አይደል? እንዲያ ላሳደገች ሴት! ይከፋታል ብዬ ነዋ። ራሷ ታመጣልኛለች ብዬ ነው። አፈርኩ።"

አፈርኩ። እኔም ትንሽ ቀደም ብዬ ማንጎው ስር ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ለዚያችው ሴት ስል። የእኔ ይሉኝታ ትንፋሽ የምታህል ናት፤ የእሳቸው የአንድ ልጅ እድሜ ያህላል። እንግሊዝኛ ለይሉኝታ አንድ ቃል የለውም። "ሼም" ብል እናትሽ ባንቺ አፍራ ነበር የምላት ይመስላል። "ፖላይት"፣ ጨዋ ሆና ነው ብል ጭራሽ ለሻይ ግብዣ ይሆናል። ሁለቱንም ተውኩና በደረቁ ዘርዝሬ ነገርኳት፤ ያልጠየቀችሽ መጠየቅ ያሳደገችሽን ሰው አላምንሽም ብሎ መስደብ ስለሚሆንባት ነው፣ እኔም ቃሏን የለወጥኩት በዚያው ምክንያት ነው አልኳት።

ሴትየዋ ኩባያውን አስቀመጠች። እጇ ከትከሻው ላይ ወረደ። ማንም አልነገረንም አለች፤ የሚጠብቃት ሰው የለም ነው የተባልነው፣ ብናውቅ እኮ በየዓመቱ ይዘናት እንመጣ ነበር። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። እኔ ነበርኩ ከዚህ ድምፅ ላድናት የሞከርኩት። አሁን ግን ቃል ማለስለስ ፈርቼ እንዳለ ለእትዬ አስተላለፍኩት።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ወደ ስልኩ ተጠጉ፣ ግንባራቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ።

"እንዲያ ከሆነ" አሉኝ፣ "ዛሬ ጠየቅሁ በያት።"

ለዚህም እንግሊዝኛው ብዙ ቃል አለው። ለማኝ የሚጠይቅበት ሌላ ነው፣ አመልካች የሚጠይቅበት ሌላ ነው፣ ሰው የራሱን ነገር መልሱልኝ የሚልበትም ሌላ ነው። የመጨረሻውን መረጥኩ። ስናገረው የሴትየዋን እጅ አላየሁም፣ ልጅቷን እያየሁ ነበር። እትዬ ገባት ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ አንደበቴንም አልመረቁልኝም። ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ መልሷን እየጠበቁ ነበር።